ምዕራፍ ሰባት፦ ድንኳኑና ጎተራው

ሩዋይስ ውስጥ ሰው ከተሰበሰበ የመኪና ወሬ አይቀርም ነበር። ይህ አሮጌ የጅዳ ሰፈር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙም አይርቅም። ጠባብ መንገዶቹ ለመኪና ታስበው የተሠሩ አልነበሩም፤ የነዋሪው ኑሮ ግን በመኪና ላይ ነበር። ሐበሻው ወይ የቤተሰብ ሹፌር ነው፣ ወይ መኪና አጣቢ፣ ወይ ጋራዥ ውስጥ ረዳት፤ ካልሆነም ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልቆበት የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥር ልቡ የሚመታ። እህቶቻችንም ከሰው ቤት ወጥተው ሐሙስ ማታ ዕቁብ ሊጥሉ ሲሰባሰቡ የሚመጡት አንዱ ወንድማችን ሰው አጠጋግቶ በሚጭንባት አሮጌ መኪና ነበር።

ከዚያ ሰፈር ሰዎች መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ሲይዙ የኖሩ አንድ የወሎ ሰው አይረሱኝም። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ምሽት ከዕቁብ ስንመለስ ዙሪያውን በመስታወት የተከበበ የመኪና መሸጫ ደጃፍ ላይ ቆምን። ዓረቦቹ እንዲህ ያለውን ቤት «መዕረድ» ይሉታል፤ በየዓመቱ የሚዘጋጀውን ትልቁን የመኪና ኤግዚቢሽንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ወለሉ እንደ ውኃ ያበራል፤ መኪኖቹ አንድ አቧራ አልነካቸውም። አብሮን የነበረ ወጣት በብርሃኑ ተማርኮ፣ «ጋሼ፣ ገንዘብ ቢኖርዎት የትኛዋን ይወስዱ ነበር?» አላቸው።

ጋሼ መኪኖቹን ትተው ከበሩ በላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ቀና ብለው አዩ። «መጀመሪያ ይሄ ፋብሪካ የዛሬ አምስት ዓመት እንደሚኖር ንገረኝ» አሉት። «መለዋወጫውን ማን ሊሰጠኝ ነው? ልሽጣት ብል ማን ይገዛኛል?»

ይህ ምዕራፍ የጋሼን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። የመኪና ፋብሪካ ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ የመንግሥት እጅ ደግፎት ሳለ ለምን ያሸበረቀ ትርዒት ያዘጋጃል? ትርዒቱስ መቼ ይጠቅማል፣ መቼ ያጭበረብራል? መልሱን ፍለጋ ወደ ዲትሮይት እንሄዳለን፤ ከዚያ ወደ ጅዳ ተመልሰን በአገራችን እንጨርሳለን። በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪና ደኽይቶ መታየት ለምን አይችልም?

ዛሬ የበላሁትን ዳቦ የጋገረው ሰው ነገ ቢከስር እኔን የሚጎዳኝ ነገር የለም፤ ዳቦውን በልቼዋለሁ። መኪና ግን እንደዚያ አይደለም። መኪና የገዛ ሰው ከፋብሪካው ጋር ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ይጋባል። የዋስትና ጊዜው አለ፤ የሚያልቅ የፍሬን ሸራ፣ የሚሰበር ፋኖስ፣ የሚቃጠል ኮምፒውተር አለ። በመጨረሻም የሚሸጥበት ቀን አለ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሃያ ዓመት የሞላትን ቶዮታ በውድ ዋጋ የሚገዛው ለምን እንደሆነ ማንም ደላላ ይነግርዎታል፦ ዕቃዋ የትም ይገኛል፣ ሲሸጧትም አታከስርም። ያ ሰው በብረቱ ላይ የፋብሪካውን ነገ ጨምሮ ነው የገዛው።

ስለዚህ የመኪና ፋብሪካ ሊከስር ነው የሚለው ወሬ ራሱ ፋብሪካውን ይገድለዋል። ገዢው ይሸሻል። ዕቃ አቅራቢው በዱቤ መስጠቱን ትቶ «ገንዘቡን አስቀድም» ይላል። ሻጩ ነጋዴ ግቢውን ለሌላ ስም ያከራያል። ባንኩ ወለድ ይጨምራል። ፋብሪካው ገና ሳይሞት ተዝካሩ ይወጣል። ለዚህ ነው የመኪና ፋብሪካ በችግሩ ቀን የሰው ዓይን ፊት መቆም የሚፈልገው። ትርዒቱ «አለሁ፣ ነገም እኖራለሁ» ማለቱ ነው።

ይህን የእኛ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ብድር የተጫነው አባወራ ልጁን ሲድር ድንኳኑን ያሳንሳል? አያሳንስም። ድግሱ ከቀነሰ ጎረቤት ያማል፣ ዕቁብተኛው ይሰጋል፣ ባለሱቁ ዱቤ ይከለክላል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ጭንቀት ከይሉኝታ ያለፈ የኑሮ ስሌት አለበት። ድንኳኑ የሚተከለው ጎተራው ሙሉ መሆኑን ለማሳየት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጎተራው ባዶ ሆኖ ድንኳኑ ብቻውን ሲቆም ነው። አባቶች «የውጭ አልጋ፣ የውስጥ ቀጋ» ያሉት ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በደህናው ዘመን የመኪና ትርዒት የሚዘጋጀው ለገዢ ነው፤ ገዢው ይመጣል፣ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል። መንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ በሚሰጥበት ዘመን ግን ሁለተኛ ተመልካች ይመጣል፤ እሱም ገንዘቡን የሰጠው ወገን ነው። ያን ጊዜ በአንድ መድረክ ላይ ሁለት ንግግር ይደረጋል፤ አንዱ ለሚገዛው፣ ሌላው ለሚደጉመው። ለደጋፊው የሚደረገው ንግግር ለገዢው ከሚደረገው ሲበልጥ ፋብሪካው መንገዱን ስቷል።

ዲትሮይት፦ ከከብቱ ሰልፍ እስከ ፍርድ ቤቱ

የአሜሪካ መኪና ኢንዱስትሪ መናኸሪያ በሆነችው በዲትሮይት በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የሚደረገው ኤግዚቢሽን በድምቀቱ የታወቀ ነበር። በ1992 ክራይዝለር አዲሱን ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ያስተዋወቀው መኪናውን ደረጃ አስወጥቶ የኤግዚቢሽኑን አዳራሽ መስታወት ሰብሮ በማስገባት ነው። በጃንዋሪ 2008 ያው ኩባንያ አዲሱን ዶጅ ራም ፒክአፕ ለማሳየት ቀንዳቸው የረዘመ ከመቶ በላይ ከብቶች በከተማው ጎዳና ላይ አስነዳ። ጋዜጠኛው ሁሉ በብርዱ ቆሞ የከብቱን ሰልፍ አየ።

ዓመቱ ሳይሞላ የክራይዝለር፣ የጄኔራል ሞተርስና የፎርድ ሥራ አስኪያጆች ዋሽንግተን ገብተው በምክር ቤት ፊት 25 ቢሊዮን ዶላር ለመኑ። ኖቬምበር 2008 ነበር። የባንኮች ቀውስ ብድር አድርቋል፤ ቤንዚን በዚያው ዓመት ዋጋው ሰማይ ነክቶ ሰው ትልልቅ መኪና መግዛት ትቷል። ሦስቱ ሰዎች ለልመናው የመጡት እያንዳንዳቸው በኩባንያቸው የግል ጄት ነበር። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ይህን ሲሰሙ የተቆጡት ቁጣ በመላው አገር አስተጋባ። በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ሦስቱም ከዲትሮይት በመኪና ተነሥተው ነው የደረሱት። ይህም ትርዒት ነበር፤ ተመልካቹ ግን ከሳሹ ሕዝብ ነበር።

ዲሴምበር 19 ቀን 2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ለጄኔራል ሞተርስና ለክራይዝለር ፈቀዱ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የዲትሮይት ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ኒሳንን የመሳሰሉ አንዳንድ ፋብሪካዎች ወጪ ለመቆጠብ ቀርተዋል። ክራይዝለር ያለ ከብትና ያለ መስታወት ሰበራ በጸጥታ መጣ። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ሠራተኞቹን አሰልፎ፣ «አለን፣ የትም አንሄድም» የሚል መልእክት ያለው መፈክር አስይዞ መኪኖቹን በጭብጨባ አስገባ። ልብ ያለው ሰው ያን ጭብጨባ ሲሰማ ያዝናል። የሚያጨበጭቡት ሰዎች ሥራቸው በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ጭብጨባው ሂሳቡን አልቀየረውም። ክራይዝለር ኤፕሪል 30 ቀን፣ ጄኔራል ሞተርስ ጁን 1 ቀን 2009 የኪሳራ ከለላ ጠይቀው ፍርድ ቤት ገቡ። የጄኔራል ሞተርስ ሥራ አስኪያጅ ሪክ ዋጎነር ከዚያ በፊት በመንግሥት ግፊት ሥራቸውን ለቀቁ። ፖንቲያክን የመሰለ ዕድሜ ጠገብ ስም ተዘጋ፤ ፋብሪካዎች ተቆለፉ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራውን አጣ። ኢንዱስትሪው ከዚያ በኋላ የዳነው ዕዳው ተሰርዞ፣ የሠራተኛ ውል እንደገና ተጽፎ፣ የማይሸጠው መኪና ተቆርጦ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለመኪናው ኢንዱስትሪ ያወጣው 79.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ተመልሶ ያገኘው 70.4 ቢሊዮን ነው። ልዩነቱን ግብር ከፋዩ ከፈለ። በምላሹ የተረፈለት ሥራና ከተማ አለ፤ ዕዳው ከንቱ ሄደ የሚል ሰው የዲትሮይትን ሰፈሮች ያላየ ነው።

የፎርድ ታሪክ ለብቻው ይነገር። ፎርድ ቀውሱ ከመምጣቱ በፊት በ2006 ፋብሪካዎቹን፣ መብቶቹን፣ ሰማያዊ ሞላላ ምልክቱን ሳይቀር አስይዞ ከባንኮች ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። ስለዚህ በ2009 የመንግሥትን የነፍስ አድን ገንዘብ ሳይነካ አለፈ። ያም ሆኖ ኤግዚቢሽኑ ላይ ቆመ፤ የቆመው ግን በራሱ ንብረት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረታችን እዚህ ጋ በትክክል ይገባል።

ብድሩን የመለሰው ሰው

ክራይዝለር በመንግሥት ሲደገፍ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎም ወድቆ ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጃንዋሪ 7 ቀን 1980 በፈረሙት ሕግ መንግሥት ለኩባንያው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ። የኩባንያው መሪ ሊ ኢያኮካ የዓመት ደመወዛቸውን 1 ዶላር አደረጉ። ከዚያም ካሜራ ፊት ራሳቸው ቆመው ለሕዝቡ መኪና ሸጡ።

ይህም ማስታወቂያ ነው፤ ይህም ትርዒት ነው። ልዩነቱ ከጀርባው ያለው ነው። ከኢያኮካ ጀርባ ትንንሽ፣ ቤንዚን ቆጣቢ፣ ተራ ቤተሰብ የሚገዛቸው መኪኖች ነበሩ። ሠራተኛው ከደመወዙ ቀንሷል፤ አበዳሪው ከወለዱ ቀንሷል፤ አለቃውም ከራሱ ቀንሷል። በ1983 ኩባንያው ብድሩን ከቀነ ገደቡ ሰባት ዓመት ቀድሞ መለሰ። መንግሥትም ለዋስትናው ከተሰጠው የአክሲዮን መብት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ትርዒት አየን። አንደኛው ጎተራው ውስጥ ያለውን እህል አውጥቶ ያሳያል፤ ሁለተኛው ጎተራውን እንዳያዩ ድንኳኑን ከፊት ይተክላል። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ከጅዳ በስተሰሜን

አሁን ወደ ሩዋይስ አካባቢ እንመለስ። ከጅዳ ተነሥቶ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ሰው ራቢግ ሳይደርስ የንጉሥ አብዱላህ ኢኮኖሚያዊ ከተማን ያገኛል። ከተማው በ2005 የታወጀው 2 ሚሊዮን ሰው እንዲኖርበት ታስቦ ነው። ከመካ ተነሥቶ በጅዳ በኩል መዲና የሚሄደው የሐረመይን ፈጣን ባቡርም ቆሞበት ያልፋል። በሴፕቴምበር 2023 የሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያው የመኪና ፋብሪካ የተባለው እዚህ ተመረቀ። ባለቤቱ ሉሲድ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ነው።

ሉሲድ አሜሪካዊ ኩባንያ ነው። በ2007 በካሊፎርኒያ በባትሪ ሥራ ተጀመረ። ገንዘብ አጥሮት ሳለ በ2018 የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰበት፤ ዛሬ ፈንዱ አብላጫው ባለድርሻ ነው። መኪናው ደካማ አይደለም። «ኤር» የተባለችው ሞዴል በአንድ ሙሉ ቻርጅ በአሜሪካ መለኪያ 520 ማይል፣ ማለትም 830 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ እንደምትችል ተረጋግጦላት የዘመኑን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። የመሐንዲሶቹ ሥራ ምስጋና ይገባዋል።

ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። በ2023 ሉሲድ 8,428 መኪኖች ሠርቶ 6,001 ለገዢ አስረከበ። በዚያው ዓመት የከሰረው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን ለተረከቡት መኪኖች ብናካፍለው በአንድ መኪና ወደ 470,000 ዶላር ይጠጋል። እርግጥ በዚህ ኪሳራ ውስጥ ለፋብሪካና ለአዲስ ሞዴል የወጣ ገንዘብም አለ፤ ሁሉም በአንዲት መኪና ላይ የጠፋ ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ገበያው ብቻውን ይህን ቤት አያቆመውም።

ያቆመው ማን ነው? በ2023 አጋማሽ ፈንዱ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጨመረ። በማርች 2024 የፈንዱ ተቀጽላ ኩባንያ 1 ቢሊዮን ሰጠ። በኦገስት 2024 ሌላ 1.5 ቢሊዮን ቃል ገባ። ፋብሪካው ሲተከል ከሳዑዲ የኢንዱስትሪ ልማት ፈንድ ብድር አለ፤ ኩባንያው በ15 ዓመት ውስጥ የሚያገኘው ብድርና ማበረታቻ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ራሱ ገልጿል። በኤፕሪል 2022 ደግሞ የሳዑዲ መንግሥት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ50,000 እስከ 100,000 መኪና ከሉሲድ ለመግዛት ተስማማ።

ሳዑዲዎች ይህን ኢንቨስትመንት ይሉታል፤ ቃሉም ሐሰት አይደለም። ዲትሮይት ላይ የነበረው ያረጀን ማዳን ነው፤ እዚህ የተያዘው ያልተወለደን ማዋለድ ነው። በ2016 የወጣው ራዕይ 2030 የሚለው ይታወቃል፤ አገሪቱ ነዳጅ ከመሸጥ ወጥታ ዕቃ መሥራት ትሻለች። አንድ አገር ኢንዱስትሪ ሲያሳድግ ዓመታት መክሰሩ ያለና የነበረ ነው። የአሠራሩ ጠባይ ግን ከነፍስ አድን ብድር አይለይም፤ ቦርሳው በሳሳ ቁጥር የሚዘረጋው እጅ ያው የመንግሥት እጅ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ነው። ባለቤቱ መንግሥት፣ አበዳሪው መንግሥት፣ መሬት ሰጪው መንግሥት፣ ትልቁ ገዢም መንግሥት ሲሆን «ይህ መኪና ውድ ነው፣ ይህ ሥራ ዘግይቷል» ብሎ የሚመልስ ማን ይቀራል? ገበያ ፈታኝ ነው፤ ፈታኙ ከክፍሉ ከወጣ የሚቀረው የምረቃው ድግስ ብቻ ነው። ትርዒቱ የፈተናውን ቦታ ይይዛል።

በኖቬምበር 2023 የሆነውን እንይ። ሉሲድ በወሩ መጀመሪያ የሦስት ወር ሂሳቡን ሲያወጣ ኪሳራው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከአሥር ቀን በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ በሎስ አንጀለስ የመኪና ኤግዚቢሽን «ግራቪቲ» የተባለችውን አዲስ የቤተሰብ መኪና መጋረጃ ገልጦ አሳየ። መኪናዋ ወደ ምርት የገባችው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ትርዒቱ ስሕተት ነበር አልልም፤ ኩባንያው በአራት በር ሴዳን ሳይሆን በሰፊ የቤተሰብ መኪና ብዙ ገዢ ሊያገኝ እንደሚችል አስቧል፣ ስሌቱም ያስኬዳል። ነገር ግን ብርሃኑ ሲበራ ሰው ያየው የነገዋን መኪና ነው፤ የዛሬውን ሂሳብ ያየ ጥቂት ነው።

ጋሼ «የዛሬ አምስት ዓመት ይኖራል ወይ?» ብለው ነበር። የሉሲድ መልስ «ፈንዱ እስካለ እኖራለሁ» ነው። ይህ ለገዢው የሚያጽናና መልስ ነው። ለፋብሪካው ግን የራሱ መልስ አይደለም።

ሩዋይስ ሲፈርስ

ጅዳ ትርዒት ታውቃለች። ከሴፕቴምበር 2017 የንጉሥ አዋጅ በኋላ፣ ሴቶች መንዳት ሊጀምሩ ወራት ሲቀሩ፣ በጃንዋሪ 2018 ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የመኪና ማሳያ በአንድ የጅዳ የገበያ አዳራሽ ተከፍቶ ነበር። ዲሴምበር 5 ቀን 2021 ደግሞ የፎርሙላ 1 ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጅዳ ኮርኒሽ ተደረገ። ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መንገድ በባሕሩ ዳር በሌሊት መብራት ደምቆ ዓለም አየው። ያም በራሱ መንገድ የመኪና ትርዒት ነው፤ የሚሸጠው አገሩ ነው።

በዚያው ወቅት የጅዳ ማዘጋጃ ቤት አሮጌ ሰፈሮችን ማፍረስ ጀምሮ ነበር። ከ60 በላይ ሰፈሮች በዝርዝሩ ገቡ፤ ሩዋይስም አንዱ ነበር። በየቤቱ ግድግዳ ላይ «ይለቀቅ» የሚል ቃል ተጻፈ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2022 ባወጣው ዘገባ ሥራው የሚነካው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ገልጿል፤ ከሚፈናቀለው ሕዝብ 47 በመቶው የውጭ ዜጋ ሲሆን ካሳው የውጭ ዜጎችን እንደማይጨምርም ጽፏል። የእኛ ሰው ከዚህ ውስጥ አለ። ዕቁብ የተጣለበት ክፍል፣ የፋሲካ ዶሮ የተሠራበት ምድጃ፣ ከሥራ የተባረረች እህት ፍራሽ የተነጠፈላት ወለል አብሮ ሄደ።

የሰፈሩ መፍረስ ለውድድሩ ወይም ለፋብሪካው ሲባል ነው አልልም። ሁለቱን ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው የመንግሥት ትዕግሥት በምን እንደሚለካ ስለሚያሳዩ ነው። የሚከስር ፋብሪካ ዓመት ከዓመት ይታገሡታል፤ ዛሬ ባያተርፍ ነገ ያተርፋል ይሉለታል። የሚለፋ ድሃ ግን ዕቃውን እስኪሰበስብ ድረስ እንኳ የሚታገሠው የለም። የሕዝብን ገንዘብ የያዘ እጅ ለኢንዱስትሪ የሚሰጠውን ጊዜ ለሰውም መስጠት አለበት። በትርዒቱ ወለል ላይ ጎንበስ ብሎ መስታወት የሚያብሰው፣ ሌሊት መኪናውን የሚያጥበው ሰው የዚያው ኢኮኖሚ አካል ነው፤ በሂሳቡ ውስጥ ሊቆጠር ይገባዋል።

ወደ አገር ቤት

ይህን ሁሉ የጻፍኩት የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። ነገሩ ወደ እኛም መጥቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና መገጣጠም አዲስ አይደለም፤ የኢቬኮን ተሽከርካሪዎች የሚገጣጥመው አምቼ የተመሠረተው በ1970 ነው። በ2000ዎቹ ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት ዓባይና አዋሽ እያለ በወንዞቻችን ስም የሰየማቸውን መኪኖች ገጣጥሞ ሲያወጣ ስንት ሰው ደስ ብሎት ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። በ2013 ድርጅቱ ከስሮ ተዘጋ። መኪናዎቹን የገዛ ሰው የጋሼን ጥያቄ ያን ጊዜ በራሱ ላይ አየው፦ ፋብሪካው ከሌለ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

በጃንዋሪ 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ ነው። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገጣጥሙ፣ ባትሪ የሚያስመጡ፣ ቻርጅ ማድረጊያ የሚተክሉ ድርጅቶች በዝተዋል። ይህ መልካም ነው፤ ከግድቦቻችን በሚመነጭ ኃይል የሚነዳ መኪና ለእኛ ከማንም በላይ ይስማማናል። ከዚህ በኋላ ግን ኤግዚቢሽኑ ይመጣል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ መብራት ይበራል። ከዚያም አንድ ቀን ከእነዚህ ፋብሪካዎች አንዱ ይቸገርና መንግሥትን «አድነኝ» ይላል። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት የምንጠይቀውን እንወቅ።

አንደኛ፦ በዚህ ዓመት ስንት መኪና ሠራችሁ፣ ስንቱን ለገዢ አስረከባችሁ? ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ሽያጭ አይደለም። ሁለተኛ፦ ገዢው ማን ነው? በራሱ ገንዘብ የገዛው አሥር ባለታክሲ በትእዛዝ ከገዛ አንድ መሥሪያ ቤት የበለጠ ይመሰክራል። ሦስተኛ፦ መለዋወጫው የት መጋዘን ውስጥ አለ፣ ባትሪውን የሚጠግነው ማን ነው? አራተኛ፦ መንግሥት የሰጠው ገንዘብ በምን ቀን፣ በምን መንገድ ይመለሳል፤ ካልተመለሰስ አለቃው ከራሱ ምን ይቀንሳል? ኢያኮካ ከደመወዛቸው ቀንሰው ነበር የጀመሩት።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች የሚመልስ ፋብሪካ ትርዒቱን ያዘጋጅ፤ ያድምቀውም። ሠራተኛው በሥራው ይኩራ፣ ሕዝቡ የልጆቹን ሥራ ይይ። ችግር ላይ ያለ ፋብሪካ ተደብቆ ይሙት የሚል ሰው የመኪናን ንግድ አልገባውም። ነገር ግን ትርዒቱ በተከፈተበት ዕለት የሂሳቡ መዝገብም ይከፈት። መጋረጃው በተገለጠበት ሰዓት የፋብሪካው በርም ይገለጥ፤ ጋዜጠኛው፣ የምክር ቤት አባሉ፣ ግብር ከፋዩ ገብቶ የመገጣጠሚያውን መስመርና የመለዋወጫውን መደርደሪያ በዓይኑ ይይ። ዲትሮይት ላይ ጭብጨባው ፋብሪካውን አላዳነውም፤ ያዳነው ሂሳቡን ፊት ለፊት አይቶ መቁረጥ ነው።

ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያብረቀርቅ መኪና በመድረክ ላይ ሲሽከረከር ብታይ ጥቂት ቆም በልና ከበሩ በላይ ያለውን ስም ቀና ብለህ እይ፤ እንደ ጋሼም የዛሬ አምስት ዓመት ይኖር እንደሆነ ጠይቅ። ድንኳን በአንድ ሌሊት ይተከላል፣ በማግስቱም ይፈርሳል። ቤተሰብን የሚያከርመው ጎተራው ነው።